እጄን ይደነዝዘኛል፤ የተጫነው ነርቭ የቱ ጋ ነው?

እጅ ሲደነዝዝ የሚባለው የታወቀ ነው። «ብርድ ነው»፣ «ደሜ አልዘዋወር ብሎኝ ነው»፣ «ትራሱ ነው፣ ቀይሪው»። ጎረቤት ወጌሻ ይጠቁማል። ከተማ ያለና አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ ማንንም ሳያማክር ኤምአርአይ ይነሳል። «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ዲስክ የሚባለው በአንገት አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ መሰል ነገር ነው። ይደነግጣል፣ አንገቱን ማዞር ይፈራል። እጁ ግን እንደደነዘዘ ነው።

ወረቀቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ችግሩ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዲስክና የደነዘዘው ጣት ምንም ላይገናኙ መቻላቸው ነው። ነርቩ የተጫነው አንገት ላይ ነው፣ ክርን ላይ ነው ወይስ የእጅ አንጓ ላይ? ይህን ከማሽን በፊት የሚናገሩት ጣቶች ናቸው።

ነርቭ ተጫነ ሲባል ምን ማለት ነው?

ነርቭ ጅማት አይደለም፤ የደም ሥርም አይደለም። መልእክት የሚያመላልስ መስመር ነው። «ጨብጥ»፣ «አንሳ» የሚለውን ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ጡንቻ ያወርዳል። የቆዳን ስሜት ደግሞ ወደ ላይ ያደርሳል።

አንገታችን ውስጥ 7 አጥንቶች አሉ። በግራና በቀኝ 8 ጥንድ ነርቮች ከዚያ ይወጣሉ። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ያሉት፣ ከደረት የመጀመሪያው ነርቭ ጋር ሆነው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። ከአንገት ሥር እስከ ብብት ባለው ቦታ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ከዚያ ሌላ ስም ይዘው ይወጣሉ። እጅን የሚመለከቱት ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሚዲያን፣ አልናርና ራዲያል።

ይህ ረጅም መንገድ ጠባብ በሮች አሉት። አንገት ላይ ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ አንዱ ነው። የክርን ጀርባ ሌላው ነው። የእጅ አንጓ ሦስተኛው ነው። መጫን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እነዚህ ጋ ነው።

ነርቭ ሲጫን መጀመሪያ የሚቀንሰው የራሱ የደም አቅርቦት ነው። መልእክቱ ይቆራረጣል። እግራችሁን አጣጥፋችሁ ቆይታችሁ ስትነሱ ውርር የሚላችሁ ይኸው ነው፤ ጫናው ሲነሳ ወዲያው ይመለሳል። ጫናው ሲቆይ ግን የነርቩ ሽፋን ይጎዳል። በጣም ሲቆይ የነርቩ ክር ራሱ ይሞታል። ምልክቱም በዚያው ልክ ይከተላል። መጀመሪያ መጣ ሄደ የሚል መደንዘዝና መጠቅጠቅ ነው። ቀጥሎ የማይለቅ መደንዘዝ ይሆናል። በመጨረሻ ጡንቻው ይዝላል፣ ይከሳልም።

ሰውን ግራ የሚያጋባው፣ የሚሰማው ቦታና የተጫነው ቦታ መለያየታቸው ነው። ጣት ይደነዝዛል፤ ጥፋቱ አንገት ላይ ነው። ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪሺያን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጓዳው ብቻ ነው ወይስ ግቢው በሙሉ?» ብሎ ነው። ጓዳው ብቻ ከሆነ የጓዳውን መስመር ያያል። ሁሉም ከጠፋ ወደ ቆጣሪው ይሄዳል። ሐኪም «የትኛው ጣት?» ብሎ የሚነዘንዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

የትኛው ጣት?

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆነ፣ ሚዲያን ነርቭ ነው። በብዛት የሚጫነው የእጅ አንጓ ላይ ነው።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላኛው ግማሽ ከሆነ፣ አልናር ነርቭ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ክርን ላይ ነው።

የእጅ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቦታ ከሆነ ራዲያል ነው። ራዲያል ክንድ ላይ ክፉኛ ሲጫን አንጓ ቀና ማለት ያቅተዋል፤ እጅ ይንጠለጠላል። ከመጠን በላይ ጠጥቶ፣ ክንዱን በወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት እንዲህ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ስትሮክ መስሎት የሚደነግጥ አለ።

አንገትስ? የአንገት ነርቮች በቁጥር ነው የሚጠሩት። ሪፖርት ላይ «ሲ6»፣ «ሲ7» ተብለው ታዩዋቸዋላችሁ። ሲ6 ሲጫን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይደነዝዛሉ፤ ክንድ አጥፎ ዕቃ ማንሳት ያቅታል። ሲ7 ሲጫን መሃል ጣት ነው፤ በር ገፍቶ መክፈት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቃውም ሲ7 ነው። ሲ8 ሲሆን ትንሿና የቀለበት ጣት ናቸው፤ መጨበጥ ይደክማል። ሲ5 ጣት ድረስ አይወርድም። ትከሻ ላይ ይቀራል፤ ክንድ ወደ ጎን አንስቶ ፀጉር ማበጠር ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ቆይ፣ ሌባ ጣትማ ሚዲያንም ሲ6ም ውስጥ አለ» ሊል ነው። እውነቱን ነው። ልዩነቱ የሚገኘው ጥቃቅኑ ላይ ነው።

የቀለበት ጣታችሁን ሁለት ጎን በጥጥ ጫፍ ዳሱት። በመሃል ጣት በኩል ያለው ጎን ደንዝዞ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደህና ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ አንጓ ያጋድላል። የአንገት ነርቭ አንድን ጣት እንዲህ ለሁለት አይከፍልም። ሌላም አለ። የአውራ ጣት ሥር ያለው ሙዳ መዳፍ ስሜቱ ደህና ከሆነ አሁንም አንጓ ነው። ወደዚያ ቆዳ የሚሄደው ቅርንጫፍ አንጓው ጠባብ በር ሳይደርስ ቀድሞ ይገነጠላል፤ ጫናው አያገኘውም። ትንሿ ጣት ደንዝዛ መደንዘዙ ወደ ክንድ ውስጠኛው ጎን ከዘለቀ ደግሞ ክርንን ትታችሁ ወደ አንገት አስቡ። የክርን ችግር ከአንጓ ብዙም አይዘልም።

ማታ ማታ ለምን ይብሳል?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች። እጇ የራሷ አይመስላትም። ተነስታ ቁጭ ትልና ውሃ እንደነካው እጅ ታራግፈዋለች። ትንሽ ቆይቶ ይመለስላታል። ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ያመልጣታል። ይህን ታሪክ የሰማ ሐኪም ገና እጇን ሳይነካ አንጓን ይጠረጥራል። እጅን ማራገፉ ራሱ ምልክት ነው።

የካርፓል ተነል ችግር የሚባለው ይህ ነው። አንጓ ላይ በአጥንትና በጠንካራ ማሰሪያ የተከበበ ጠባብ ዋሻ አለ። በውስጡ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን ነርቭ ተጣብበው ያልፋሉ። ጅማቶቹ ትንሽ ሲያብጡ የሚጎዳው ነርቩ ነው። ስንተኛ ደግሞ አንጓችንን ሳናውቀው እናጥፋለን፤ ዋሻው የባሰ ይጠባል።

ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ ይመጣል፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና የመገጣጠሚያ ብግነት ያጋልጣሉ። ልብስ በእጅ ሲያጥብና ሲጨምቅ የሚውል፣ ሥጋ የሚቆርጥ፣ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ድንጋይ የሚሰብር እጅም እንዲሁ። ቤሩትም ሆነ ሪያድ የቤት ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን «ሌሊት እጄ ይሞታል» ሲሉ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ይህ ነው። ኮምፒውተር ብዙ ይወቀሳል። በኃይል ተደጋግሞ ከሚሠራ የእጅ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ግን ማስረጃው ደካማ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የሁለት እጆቻችሁን ጀርባ አገናኙ፣ ጣቶቻችሁን ወደ መሬት አድርጉ፣ አንጓችሁን አጥፋችሁ 60 ሰከንድ ያህል ቆዩ። ጣቶቹ መጠቅጠቅ ከጀመሩ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፋለን ያስለመደው ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ሌላው ደግሞ አንጓውን በጣት ቀስ ብሎ ማንኳኳት ነው፤ ጣት ድረስ ከነዘረ ምልክት ነው። ሁለቱም ብቻቸውን እርግጠኛ አያደርጉም። ጤነኛ ሰው ላይም አንዳንዴ ይነዝራል።

ገና በጅማሬው ከተደረሰበት፣ ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አድርጎ መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። ርካሽ ነው፤ ጉዳትም የለውም። የአውራ ጣት ሥር ጡንቻው ከጎደጎደ ግን ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው፤ የቀዶ ሐኪም ምክር ያስፈልጋል።

ትንሿ ጣትስ?

ክርናችሁን ከግድግዳ ጋር አጋጭታችሁ እስከ ትንሿ ጣት የነዘራችሁ ጊዜ አለ አይደል? አልናር ነርቭ ነው። እዚያ ጋ ከቆዳ ሥር ብዙ ሽፋን ሳይኖረው ያልፋል። ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል። ስልክ ጆሮ ላይ ይዞ ሰዓታት የሚያወራ፣ ክርኑን መኪና መስኮት ላይ አስደግፎ የሚነዳ፣ ክንዱን አጥፎ ትራስ ሥር ከትቶ የሚተኛ ሰው ይህን ነርቭ ያስቸግረዋል።

የዚህን ነርቭ ድካም በ10 ብር ኖት ማየት ይቻላል። ብሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጎን መካከል አጣብቃችሁ ያዙ። ሌላ ሰው ይሳበው። ጤነኛ እጅ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አልናሩ የደከመ እጅ ብሩ እንዳያመልጠው የአውራ ጣቱን ጫፍ ያጥፋል። በሌላ ነርቭ የሚታዘዝ ጡንቻ ተውሶ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍሮማን ይህን ያስተዋለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው።

በእኛ አገር ግን የክርን ነርቭ ሲደክም ሌላ ጥያቄ አብሮ መነሳት አለበት፤ ሥጋ ደዌ። ብዙ ሰው ድሮ የጠፋ ይመስለዋል፤ ዛሬም አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ባክቴሪያው የሚወደው ነርቭ ነው፤ ከሚያጠቃቸውም ቀዳሚው ክርን ላይ ያለው አልናር ነው። ነርቩ ሲዳሰስ እንደ ገመድ ወፍሮ ይገኛል። ቆዳ ላይ ስሜት የሌለው፣ ቀለሙ የፈዘዘ ወይም የቀላ ቦታ ይኖራል። አዲስ አበባ ያለው እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ለዚሁ ሥራ የተመሠረተ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ይድናልም። ቆዳውን ሳያዩ ክርንን ብቻ መርምሮ መተው እዚህ አገር ስህተት ነው።

አንገት መሆኑ በምን ይታወቃል?

የአንገት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሕመም ይቀድማል። ከማጅራት ወይም ከትከሻ አጥንት ውስጥ ይነሳና ክንድን እየቆረጠ ይወርዳል። ቀና ብሎ ጣሪያ ሲያዩ፣ ወደሚያመው ጎን ሲዞሩ፣ ሲያስሉ ይብሳል። አንዳንዱ ሰው እጁን አናቱ ላይ ካልጫነ እንቅልፍ አይወስደውም። እጅ አናት ላይ ሲወጣ ነርቩ ስለሚላላ ሕመሙ ይቀላል። ሳታስቡት ይህን እያደረጋችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ሐኪሙ አንገታችሁን ወደሚያመው ጎን አዘንብሎ ከላይ ቀስ ብሎ ይጫናል። ክንድ ድረስ ከወረደ ወደ አንገት ይጠቁማል። በትንሽ መዶሻ ክርንና አንጓ አካባቢ ይመታል፤ የጡንቻው መዝለል ከሌላኛው እጅ ካነሰ የነርቩን ቁጥር ለመገመት ይረዳል። የአንገት መጫኑን ምርመራ እቤት አትሞክሩት። ወጌሻም አንገታችሁን እንዳያጣምም። የክንድ ወለምታ ሌላ ነገር ነው፤ አንገት ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ፣ ኅብለ ሰረሰር፣ አለ።

ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጫነው የወጣ ዲስክ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ አጥንቱ ራሱ ጠርዙ ላይ እየበቀለ ቀዳዳውን ያጠባል። «ምን ከባድ ነገር አንስቼ ነው?» ብሎ መጨነቅ የተለመደ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር ከተማ ከ1976 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በተከታተሏቸው ሕሙማን ላይ ከሕመሙ በፊት አደጋ ወይም ከባድ ሥራ የነበራቸው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እዚያው ጥናት ላይ በመጨረሻ ሲታዩ 90 በመቶው ወይ ምንም ምልክት የለባቸውም ወይ ቀለል ያለ ብቻ ነው ያለባቸው። አብዛኞቹ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋቸው ነው እዚህ የደረሱት።

ታዲያ ኤምአርአይ ልነሳ?

እንደ ሁኔታው ነው። ጃፓኖች ምንም ሕመም የሌለባቸውን 1,211 ሰዎች አንገት በኤምአርአይ አዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። 87.6 በመቶዎቹ ወጣ ያለ ዲስክ ነበራቸው። ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉት እንኳ አብዛኞቹ። ደህና ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ዲስክ ወጣ ማለት እንደ ሽበት ዓይነት ነገር ነው ብሎ ማለፍ ባይቻልም፣ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ምስሉ ዋጋ የሚኖረው ከጣቱ ጋር ሲስማማ ነው። መሃል ጣት ደንዝዞ፣ በር መግፋት አቅቶ፣ ኤምአርአይ በዚያው ጎን ሲ7 ተጭኗል ካለ ነገሩ ገጠመ። ትንሿ ጣት ደንዝዞ ኤምአርአይ ሲ6 ካለ ግን አልገጠመም፤ ዲስኩ ተመልካች ነው። ስለዚህ የጡንቻ ድካም ካለ፣ ሳምንታት በሕክምና አልሻል ካለ፣ ቀዶ ጥገና ከታሰበ ወይም ከታች የምጽፋቸው አደገኛ ምልክቶች ካሉ ኤምአርአይ ይነሳል። ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ ነርቭ አያሳይም።

ሌላው የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ነው። በትንሽ ኤሌክትሪክ ነርቩን ይነካኩና መልእክቱ ምን ያህል ሮጠ ብለው ይለካሉ። ጤነኛ የክንድ ነርቭ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። አንጓ ላይ ሲደርስ ብቻ ከዘገየ፣ ጫናው እዚያ ነው። አብሮት ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ አስገብተው የጡንቻውን ኤሌክትሪክ ያዳምጣሉ። ትንሽ ያማል፣ አልዋሽም። ቶሎ ቢደረግ ደግሞ ያታልላል፤ ጡንቻው ላይ ለውጡ እስኪታይ 3 ሳምንት ያህል ይወስዳል።

አንዳንዴ መልሱ «ሁለቱም» ነው። አንገት ላይም አንጓ ላይም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ሐኪሞች፣ አፕተንና ማኮማስ፣ ላይ ላይ የተጫነ ነርቭ ታች ሲጫን ቶሎ ይሸነፋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሁለቱ አብረው የሚገኙባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ አንዱን አክመው ሌላው ሲቀር «ቀዶ ጥገናው አልሠራም» የሚባለው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅለት የቱ ነው?

ሁለት እጅ አንድ ላይ ሲደነዝዝ፣ አዝራር መቆለፍ ሲያስቸግር፣ ስትራመዱ መንገዳገድ ሲመጣ፣ ሽንት መያዝ ሲያቅት ጫናው ከነርቩ አልፎ ኅብለ ሰረሰር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ አይጠበቅም። ጣት ወይም አንጓ በድንገት አልታዘዝ ካለም እንዲሁ፤ ከመኪና አደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣም እንዲሁ።

የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ነው ብላችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ድንገት ያለ ሕመም አንድ እጅ ደንዝዞ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና የማይለቅ የአንገት ሕመም አንድ ላይ ሲሆኑ የአከርካሪ ቲቢ መታየት አለበት። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ልያዝ?

አንድ ወረቀት ላይ እጃችሁን አስቀምጡና በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩ። ፊቱንም ጀርባውንም። የሚደነዝዘውን ቦታ ጥቁር አድርጉት፣ የሚያመውን በመስመር ምልክት አድርጉበት። ምርመራ ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ «ሁሉም ጣቴ» የማይል ሰው የለም። እቤት፣ በደነዘዘበት ሰዓት ሲሳል ግን ሦስት ጣት ተኩል ሆኖ ይገኛል።

መቼ እንደሚብስ ጻፉ፤ ሌሊት ነው፣ ስልክ ሲያወሩ ነው፣ ቀና ሲሉ ነው። እግራችሁም የሚደነዝዝ ከሆነ አትርሱ። ሁለቱም እግር ከጣት ጀምሮ ደንዝዞ ከዚያ እጅ ከተከተለ ጉዳዩ መጫን ላይሆን ይችላል። ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም አልኮል ነርቮችን ሁሉ ባንዴ ይጎዳሉ። በደም ምርመራ ከኤምአርአይ እጅግ ባነሰ ዋጋ ብዙ ነገር ይታወቃል።

የምትወስዱትንም መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ የቲቢ መድኃኒት። ከውስጡ አይሶናያዚድ የሚባለው የሰውነትን ቫይታሚን ቢ6 ስለሚያሟጥጥ እጅና እግር ያደነዝዛል። ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።